ጥሩ ይተኛል

ትራሱ ርጥብ ነበር።

መርማሪዋ መጀመሪያ ያየችው እሱን ነው፤ ከሬሳው በፊት። ውጭው ብርድ ነው። የክፍሉ መስኮት በወጉ አይገጥምም፤ ነፋሱ መጋረጃውን ያወዛውዘዋል። አልጋው ላይ የተጋደሙት ሽማግሌ ግን ባልዲ ውሃ የተደፋባቸው ይመስል ሸሚዛቸው ደረታቸው ላይ ተለጥፏል።

በዚህ የአረጋውያን ማረፊያ ቤት ሰው መሞቱ ብርቅ አይደለም። ሃያ ሁለት አልጋ አለ፤ በዓመት ስድስት ሰባቱ ባዶውን ይቀራል። ፖሊስ የተጠራው የቤቱ ሐኪም የሞት ወረቀቱን አልፈርምም ስላለ ነው። "ትናንት ከዳሌ ሕመም በቀር ምንም ያልነበራቸው ሰው ዛሬ በዚህ ብርድ በላብ ተጠምቀው ሞተዋል። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አልፈርምም" ብሎ እስክሪብቶውን ወደ ኪሱ መለሰ።

ሟቹ አርባ ዓመት ሙሉ ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ቤቱ ውስጥ ሁሉም "ሰዓት ሠሪው" ነው የሚላቸው።

"መጀመሪያ ያያቸው ማን ነው?" አለች መርማሪዋ።

"እኔ ነኛ! ሌላ ማን አለ እዚህ?"

ድምፁ የመጣው ከጎን ካለው አልጋ ነው። ዕድሜያቸውን ከባድ መኪና ላይ የጨረሱ፣ እግራቸው አልታዘዝ ካላቸው የቆየ፣ አፋቸው ግን ፍሬን የሌለው ሽማግሌ። "ሾፌሩ" ይሏቸዋል።

"ምን አዩ አባባ?"

"ቁርሱን አልበላም አለ። ቀጥሎ እጁ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ እኔን በወንድሙ ስም ጠራኝ። ወንድሙ ከሞተ ሠላሳ ዓመቱ! ሳቅሁበት። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ። ተመስገን፣ ዛሬስ ተኛልኝ አልኩ። አራት ሰዓት ላይ ዞር ብዬ ሳየው አይተነፍስም።"

"ትጣሉ ነበር?"

"በየቀኑ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲያቃስት እያደረ እንቅልፍ ነሣኝ። ወይ ዝም በል፣ ወይ እኔ ዝም አሰኝሃለሁ ብዬዋለሁ። ይኸው ዝም አለ።"

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። መርማሪዋ ከራስጌያቸው የተሰቀለውን ካርድ አነበበች። የስኳር በሽተኛ ናቸው።

አብሯት የመጣው ሳጅን ትራሱን ሲያነሳ ከሥሩ ትንሽ ደብተር ወጣች። ጽሑፉ ደቃቅና ቀጥ ያለ ነው፤ የሰዓት ሠሪ እጅ። በየቀኑ አራት መስመር አለ፤ መድኃኒት የዋጡበትና ሕመሙ የታገሠበት ሰዓት። "ሁለት ሰዓት ዋጥኩ። ሁለት ከአርባ ያዘኝ።" ገጹ ሁሉ እንዲህ ነው። ከወሩ አሥራ አራት ጀምሮ ግን መስመሩ ይለወጣል። "ሁለት ሰዓት ዋጥኩ። አልያዘኝም። ስምንት ሰዓት ዋጥኩ። አልያዘኝም።" እንዲያ እያለ ሁለት ሳምንት ይሄዳል።

መርማሪዋ ወገቧን ይዛ ቀና አለች። ሰባተኛ ወሯን ይዛለች፤ ከጧት ጀምሮ ጀርባዋ ሲወጋት ነው የዋለው። ከቦርሳዋ የክኒን ቅጠል አወጣች።

"ምንድን ነው እሱ ልጄ?"

በሩ ላይ የቆሙት ነጭ ሽሩባቸውን በቆብ የሸፈኑ፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። ሲስተር። ይህን ቤት ሃያ ዓመት ያቆመች እጅ የሳቸው ናት፤ አሁን ሃያ ሁለቱን አልጋ የሚይዙት እሳቸውና አንዲት ልጅ ነርስ ብቻ ናቸው።

"ኢቡፕሮፌን። ለወገቤ ነው።"

"ማን አዘዘልሽ?"

"ማንም። ድሮም እወስደው ነበር።"

"ድሮ ሌላ፣ ዛሬ ሌላ። በዚህ ወር የሕፃኑን ልብና ኩላሊት ይነካል። ሐኪምሽን ሳትጠይቂ ምንም እንዳትውጪ።" ቅጠሉን ከእጇ ወስደው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው ከሩቅ አዩት፤ ከዚያ የሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ጨመሩት። "ነይ፣ ቁጭ በይ። ሬሳው አያመልጥሽም፣ የትም አይሄድ።"

ወንበርም አመጡላት፤ ለጀርባዋም ትራስ። መርማሪዋ እናቷን ካጣች ሦስት ዓመቷ ነው።

&nbsp;

የዚያን ጧት መድኃኒቱን ያደለችው ልጅ ነርስ ነበረች። ቤቱ ሁሉ "አራሷ" ይላታል። በቀዶ ጥገና ከወለደች ገና ስድስት ሳምንቷ ነው፤ በአራተኛው ሳምንት ወደ ሥራ ተጠርታለች። የመጣችበት ቀን ወሩ በገባ በአሥራ አራት ነው።

ያገኟት የልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ነው። ማጠቢያው እየተንቀጠቀጠ ያጓራል። ከጎኑ፣ አንሶላ በተነጠፈበት ቅርጫት ውስጥ፣ ሕፃን ተኝቷል።

"በዚህ ጩኸት?" አለ ሳጅኑ፤ አምስት ልጅ ያሳደገ ሰው ነው።

"እሱ እንዲህ ነው። አያለቅስም፤ ጥሩ ይተኛል።" አራሷ ኩራቷ ፊቷ ላይ ታየ። "ለመጥባት እንኳ እግሩን ኮርኩሬ ነው የምቀሰቅሰው። ሲስተር የተባረከ ልጅ ይሉታል።"

"ለሰዓት ሠሪው ዛሬ ምን ሰጠሻቸው?" አለች መርማሪዋ።

"የሕመም ማስታገሻቸውን። ኮዴይን። በቀን አራት ጊዜ ነው፤ ቻርቱ ላይ ፈርሜያለሁ።"

"ከየት አወጣሽ?"

"ከራሳቸው ጠርሙስ። የመጨረሻዋ ነበረች።"

"አልያዘኝም ብለው ያውቃሉ?"

"ይሉኛል። ለሲስተር ነገርኳቸው። ዕድሜ ነው፣ ሰውነት ሲያረጅ እንዲህ ነው አሉኝ።" አራሷ ለመቀመጥ ስትል ታችኛው ሆዷን በመዳፏ ደገፈች። "አባባ ምን ሆነው ሞቱ?"

"እሱን አንቺ ብትነግሪኝ ይሻላል።"

ልጅቷ ብድግ ስትል ቅርጫቱን ነካችው። ሕፃኑ ግን አልተንቀሳቀሰም።

&nbsp;

የምርመራው ውጤት ሐሙስ መጣ። ሁለት መስመር ነው። መርማሪዋ የመጀመሪያውን አነበበች፤ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች።

በሟቹ ደም ውስጥ የስኳር በሽታ ክኒን ተገኝቷል። ሟቹ ስኳር በሽታ የለባቸውም። ጤነኛ ሽማግሌ ይህን ክኒን ደጋግሞ ቢውጥ፣ ያውም ሳይበላ፣ ስኳሩ ይወርዳል፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይቀባዥራል፤ ከዚያ የተኛ ይመስላል። ያረጀ ኩላሊት ደግሞ ክኒኑን ቶሎ አያስወጣውም።

"ሾፌሩ!" አለ ሳጅኑ። "ስኳር በሽተኛ፣ ጎረቤት አልጋ፣ ዝም አሰኝሃለሁ ያለ።"

"ተነስቶ መቆም የማይችል ሰው?"

"እጁ ይሠራል።"

ሄደው የሾፌሩን ክኒን ቆጠሩ። ሲቆጠር ሾፌሩ ከአልጋቸው ሆነው ያዩ ነበር።

"ጎደለ?"

"አንድም አልጎደለም አባባ።"

"እኔ ብገድለው በምላሴ ነበር የምገድለው" አሉ ሾፌሩ። መቀለድ ፈልገው ነበር፤ ድምፃቸው ግን መሐል ላይ ተሰበረ። "ለሁለት ሳምንት አመመኝ ብሎ ሲጮህ አስመሳይ አልኩት እኮ።"

እንግዲህ የቀረው አንድ ሰው ነው። ፊርማው የአራሷ ነው። እጁ የአራሷ ነው። አልያዘኝም የሚለው መስመር የጀመረው እሷ ሥራ በገባችበት ዕለት ነው። የመርማሪዋ አለቃ ነገሩን አላንዛዛውም፤ የደከማት ልጅ መድኃኒት አቀያይራ ሰው ገድላለች፤ ያዙና አምጧት አለ። የማይገጥም ነገር እንዳለ መርማሪዋ ታውቃለች። የሾፌሩ ክኒን ካልጎደለ ሌላው ከየት መጣ? ግን ወገቧን ያማት ነበር፤ የመያዣ ወረቀቱም ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጧል። ፈረመች። ለዚያ ፊርማ ራሷን ይቅር አላለችም።

አራሷን ከማጠቢያው ክፍል አወጧት። ጣቢያው ውስጥ ለሕፃን የሚሆን ቦታ ስለሌለ የልጅቷ እናት መጥታ ቅርጫቱን ተቀበለች። ሕፃኑ ያኔም ተኝቶ ነበር።

ሲስተር በኮሪደሩ እየሮጡ ደረሱ። ቆባቸው ወድቋል።

"እሷ አይደለችም! ልጄ፣ በምትወልጂው ይዤሻለሁ፣ እሷ አይደለችም!"

"ታዲያ ማን ነው?"

ሲስተር የመርማሪዋን እጅጌ ያዙ። "እኔን ውሰጂኝ በሷ ፋንታ" አሉ።

መርማሪዋ ይህን እንደ እናት ፍቅር ቆጠረችው። ፍቅር አልነበረበትም ማለት አይቻልም።

&nbsp;

ቅዳሜ ጧት የጣቢያው በር ላይ ጩኸት ተሰማ። የሰው አይደለም ብለው ነበር መጀመሪያ፤ ጥሬ፣ የማያቋርጥ፣ ጆሮ የሚበሳ።

የአራሷ እናት ናት፤ ሕፃኑን አቅፋ ቆማለች። እንቅልፍ ካጣች ሁለት ቀኗ እንደሆነ ከዓይኗ ያስታውቃል።

"ልጄን ልቀቁልኝ! የናቱን ጡት ካጣ ጀምሮ አበደብኝ። የቆርቆሮ ወተት እሰጠዋለሁ፣ ይጠባል፣ ደግሞ ይጮሃል። እጁን እዩት፣ ሲንቀጠቀጥ!"

መርማሪዋ ሕፃኑን ተቀበለች። ቀይ ፊት፣ የተፈለቀቁ ዓይኖች፣ የሚርገበገቡ ቡጢዎች። ያ በማጠቢያ ማሽን አጠገብ ያልነቃ ልጅ ይህ ነው?

ሕፃኑን እንዳቀፈች ወደ ቢሮዋ ገብታ የሐሙሱን ወረቀት ፈለገች። ሁለተኛው መስመር እዚያው ነበር፤ ዘልላው ነው እንጂ። "የሕመም ማስታገሻ፦ አልተገኘም።"

በቀን አራት ጊዜ ኮዴይን ይወስዳሉ የተባሉ ሰው ደማቸው ውስጥ ኮዴይን የለም።

"ሳጅን፣ መኪና አስነሳ። ሆስፒታል።"

የሕፃናት ሐኪሟ ልጁን አገላብጣ አየችው፤ ሽንቱንም አስመረመረች። ከሁለት ሰዓት በኋላ ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

"ይህ ልጅ ከጡት ሌላ ቀምሶ ያውቃል?"

"እስከ ሐሙስ ምንም" አለች አያቱ።

"እናቱ ኮዴይን ስትወስድ ነበር። አንዳንድ ሴት ሰውነቷ ኮዴይኑን ቶሎ ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል፤ ሞርፊኑ በወተቷ ያልፋል። ለአራስ የማይሰጠው ለዚህ ነው። ጥሩ ይተኛል ስትሉ የነበረው እንቅልፍ አልነበረም።" ሐኪሟ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አሁን የሚያንቀጠቅጠው መድኃኒቱ ስለቀረበት ነው። እዚህ እናቆየዋለን፤ ይድናል። ሌላ አንድ ሳምንት እንዲያው ቢጠባ ኖሮ ግን አንድ ቀን መተንፈስ ይረሳ ነበር።"

መርማሪዋ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ያለ ጥፋቷ ያሰረቻት እናት ልጅ የተረፈው በመታሰሯ ነው። በዚህ መደሰት ይገባት እንደሆነ አታውቅም፤ አልተደሰተችምም።

&nbsp;

አራሷ እውነቱን ስትሰማ መጀመሪያ ያደረገችው ሁለት ጡቶቿን በክንዶቿ መሸፈን ነው።

"ማን ሰጠሽ?"

አራሷ ራሷን ነቀነቀች።

"ልጅሽ ሆስፒታል ነው። ማን ሰጠሽ?"

"ቁስሌ አልድን ብሎ ነበር" አለች በዝግታ። "ሥራ በገባሁ ቀን ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ስቃትት አገኙኝ። ለሐኪም ብናገር ለሥራ ብቁ አይደለችም ተብዬ እባረራለሁ። ተራ ማስታገሻ ነው ብለው በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። በየቀኑ ይሰጡኝ ነበር።"

"ምን እንደሆነ አልጠየቅሽም? ነርስ ነሽ እኮ።"

"ለሌላ ሰው ብሰጥ እጠይቅ ነበር።" እንባዋ ወረደ። "ከሲስተር እጅ የመጣ ነገር ይጠየቃል እንዴ? ከናቴ በላይ ናቸው እኮ።"

&nbsp;

መርማሪዋ ከሳጅኑ ጋር ማረፊያ ቤቱ ስትደርስ ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። ሲስተር መድኃኒት ክፍሉ ውስጥ ብቻቸውን የቀትሩን ክኒን በየጽዋው ይደለድላሉ። በሁለት ቀን አሥር ዓመት አርጅተዋል።

"ሲስተር፣ ያን ቀን የወሰዱብኝን ክኒን መልሱልኝ እስቲ።"

"ትውጪዋለሽ?"

"አልውጠውም።"

ሲስተር እጃቸው ከልማድ የተነሳ ቀድሟቸው ሄደ። ጎንበስ ብለው የታችኛውን ቁም ሣጥን ከፈቱ፤ አንድ ትልቅ የብስኩት ቆርቆሮ አውጥተው ክዳኑን አነሱ። ኢቡፕሮፌኑ ከላይ ተቀምጧል። ከሥሩ ሌላ ቅጠል፣ የተቆረጠ ቅጠል፣ በወረቀት የተጠቀለለ፣ ልቅ የሆነ ነጭ ክኒን። አንዱም ስም የለበትም።

ያኔ ነው ሲስተር ምን እንዳሳዩ የገባቸው። ክዳኑን እንደያዙ ቀሩ።

"የማን ነው ይሄ ሁሉ?"

"የሟቾች" አሉ። "ሰው ሲሞት የተረፈውን እዚህ አኖራለሁ። መድኃኒት መጣል አልወድም። ላጣ ሰው ይሆናል እላለሁ።"

መርማሪዋ ከሁለት የወረቀት ጥቅል አንድ አንድ ነጭ ክኒን አውጥታ መዳፏ ላይ አስቀመጠች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

ሲስተር ክንዳቸውን ዘርግተው አራቁት። "ቫይታሚን።"

"ይሄኛውስ?"

"እሱም..." አቆሙ። አቀረቡት፤ አራቁት። መርማሪዋ ከቆመችበት ሆና ይታያታል፤ አንደኛው ክኒን መሐሉ ላይ ሰረዝ አለው፣ ሌላኛው የለውም። ሲስተር በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ዳበሱት። ጣታቸው ሰረዙ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"የስኳር ክኒን ነው" አሉ በሹክሹክታ።

ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። መርማሪዋ ለጀርባቸው ትራስ አላመጣችላቸውም።

"ኮዴይኑን ከሰዓት ሠሪው ጠርሙስ ወሰዱ፤ በቦታው ቫይታሚን ጨመሩ።"

"በግማሽ ጀመርኩ። ለሷ ግማሽ፣ ለሱ ግማሽ። ግማሽ ክኒን ምን ያደርጋል አልኩ። ከዚያ አልበቃትም። ቫይታሚኑ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ከሌላው ጥቅል ጨመርኩ። አንድ መስሎኝ። መነጽር ያስፈልግሻል ካሉኝ ዓመት አልፏል።"

"አልያዘኝም ሲሉስ?"

"ሦስት ጊዜ ነግሮኛል። ጋሼ ዕድሜ ነው፣ ይልመዱት አልኩት።" ሲስተር እጃቸውን አዩ። "እሱ ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው። እሷ ሃያ ስድስት። እሷ ከወደቀች ይህን ቤት የሚይዝልኝ የለም። እሱ ለጊዜው ያቃስታል እንጂ ምን ይሆናል አልኩ። መዘንኩ፤ ያሮጌው ሰው ሕመም ቀለለኝ።"

"ለአራስ እንደማይሰጥስ? እኔን ስለ ወገቤ ክኒን የገሠጹኝ ሰው ነዎት።"

"ስንት ነርስ አስተምሬያለሁ ይህንኑ!" አሉ ሲስተር፤ ድምፃቸው ከፍ ብሎ ወዲያው ወረደ። "በየቀኑ እጠይቃት ነበር እኮ። ልጁ እንዴት ነው እላታለሁ። ጥሩ ይተኛል ትለኛለች። ደስ ይለኝ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፣ ልጄ።"

የቆርቆሮውን ክዳን መልሰው ገጠሙት።

"ልጁ አሁን እንዴት ነው?" አሉ።

"ያለቅሳል።"

ሲስተር ፊታቸውን በሽርጣቸው ሸፈኑ።

ሳጅኑ ቆርቆሮውን በከረጢት አሸገ። ሲወጡ የሚያልፉት በትልቁ ክፍል መሐል ነው። ስድስት ሰዓት ሞልቷል። ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ የሲስተርን የእግር ኮቴ ሲሰሙ እንደ ሁልጊዜው ተነስተው ተደገፉ፤ እንደ ሁልጊዜው መዳፋቸውን ዘረጉ። አንድም ሰው ምን እንደሚሰጠው አልጠየቀም። ሃያ ዓመት ማንም ጠይቆ አያውቅም።

ሲስተር መሐል ላይ ቆሙ። ክንዳቸውን የያዘውን የሳጅኑን እጅ ረስተው ባዶ እጃቸውን ወደ አንዷ አሮጊት መዳፍ ሰደዱ፤ ከዚያ መለሱት።

ሾፌሩ ብቻ እጃቸውን አልዘረጉም። ከጎናቸው ያለው አልጋ አንሶላው ተነሥቶ ፍራሹ እየደረቀ ነበር። ሁለት እጃቸውን ብርድ ልብሳቸው ሥር ደብቀው፣ ሲስተር ከበሩ እስኪወጡ ድረስ ዓይናቸውን አልነቀሉም።